የማይስቀው አሳቂ፦ የባስተር ኪተን ውጣ ውረድ

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ፒኳ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1895 በዚያች መንደር ያረፉ ሁለት ተጓዥ አርቲስቶች ወንድ ልጅ ወለዱ። ስሙንም ጆሴፍ ፍራንክ ኪተን አሉት። አባቱ ጆና እናቱ ማይራ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ትርዒት እያሳየ መድኃኒት ከሚሸጥ ቡድን ጋር ተቀጥረው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። አባት ይዘላል፣ ይገለበጣል፣ ያስቃል፤ እናት ሙዚቃ ትጫወታለች። ልጁ የተወለደባትን መንደር ሳያውቃት ጉዞው ቀጠለ። ባስተር የሚለው ስም የወጣለት ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ ዓለም የሚያውቀውም በዚሁ ስም ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ዘንድ ድምፅ አልባ ፊልም ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለን ቻርሊ ቻፕሊን ነው። ይገባዋልም። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሆሊዉድ፣ ከቻፕሊን እኩል የሚቆም ሌላ ሰው ነበር። ታሪኩን ብዙዎች «ድምፅ ያለው ፊልም መጣና ጣለው» ብለው ባጭሩ ይዘጉታል። እኔ ይህን አልቀበልም። ኪተን የወደቀው ሥራውን የሚያዝበትን ሥልጣን ከእጁ ባወጣች አንዲት ፊርማ ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ከልጅነቱ መጀመር ያስፈልጋል።

ባስተር አምስት ዓመት ሲሆነው ከወላጆቹ ጋር መድረክ ላይ ወጣ፤ «ሦስቱ ኪተኖች» ተባሉ። ጨዋታቸው ቀላል ነው፤ ልጅ ያስቸግራል፣ አባት ይቀጣል። ጆ ልጁን ብድግ አድርጎ ይወረውረዋል፤ አንዳንዴ ከበስተጀርባ ወዳለው መጋረጃ፣ አንዳንዴም ሙዚቀኞቹ ወደሚቀመጡበት ጉድጓድ። ለመያዝ እንዲመች በልጁ ኮት ጀርባ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶለት ነበር። ትንሹ ባስተር በዚህ ሥራ ሁለት ነገር ተማረ። አንደኛው አወዳደቅ ነው፦ መሬት ሲደርስ በየትኛው ጎን ማረፍ፣ የትኛውን ጡንቻ ማላላት እንዳለበት ሰውነቱ ሳያስብበት ያውቀው ጀመር። ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ልኩን ያልተለየው ነው። ወድቆ ሲነሣ ፈገግ ካለ ተመልካቹ ቀዝቀዝ ይላል፤ ምንም እንዳልደረሰበት ሁሉ ኮስተር ብሎ ከተነሣ ግን አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል። ከዚያ በኋላ በመድረክ ላይ መሳቅ ተወ።

የኒውዮርክ የሕፃናት መብት ተከራካሪዎች ጉዳዩን ዝም ብለው አላዩትም። ልጁን እያስወለቁ ሰውነቱን መረመሩ፤ አባትዬውን ከሰሱ፤ ቤተሰቡም ለተወሰነ ጊዜ በከተማዋ እንዳይሠራ ታገደ። ኪተን በስተርጅናው ሳይቀር አባቴ በደለኝ ብሎ አያውቅም። እኔ በበኩሌ የተከራካሪዎቹ ሥጋት ተገቢ ነበር እላለሁ፤ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ የሚወረወር ዕቃ አይደለም። ሆኖም በፊልም ታሪክ ማንም ያልደረሰበት የሰውነት ጥበብ የተወለደው እዚያ መድረክ ላይ መሆኑም እውነት ነው።

ልጁ አደገ፣ አባት መጠጥ አበዛ። የሰከረ ሰው ሲወረውር ደግሞ ልኩን አያውቅም፤ በኪተኖች ጨዋታ ውስጥ የአንድ ሴኮንድ ስሕተት አንገት ትሰብራለች። በ1917 መጀመሪያ ላይ እናትና ልጅ ጆን ትተውት ሄዱ፤ «ሦስቱ ኪተኖች» በዚያው ተበተኑ።

ባስተር ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ኒውዮርክ ገብቶ ብሮድዌይ ላይ በሚቀርብ ትልቅ ትርዒት በሳምንት 250 ዶላር ሊከፈለው ተዋዋለ። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ግን የዘመኑ ዝነኛ የፊልም ኮሜዲያን ሮስኮ አርባክል ወደሚሠራበት ስቱዲዮ ጎራ አለ። አርባክል እስቲ አብረኸኝ ሥራ አለው። «ዘ ቡቸር ቦይ» በተባለው አጭር ፊልም ውስጥ ኪተን ሞላሰስ ሊገዛ ወደ ሱቅ ይገባል። ሳንቲሙን በጣሳው ውስጥ እንዳስቀመጠ ይረሳና ሞላሰሱ ይሞላበታል። ከዚያ በኋላ ባርኔጣው፣ እጁ፣ ጫማው፣ ሁሉም ይጣበቃል። ትዕይንቱ እንዳለቀ የኪተንን ልብ የወሰደው የራሱ ትወና ሳይሆን ካሜራው ነበር። ማሽኑን እንዲያሳዩት ለምኖ፣ ከፍቶ፣ ውስጡን አጥንቶ፣ ፊልሙ እንዴት እንደሚዞርና እንዴት እንደሚቆረጥ ተማረ። የብሮድዌዩን 250 ዶላር ትቶ በሳምንት 40 ዶላር ከአርባክል ጋር ተቀጠረ። በሕይወቱ ካደረጋቸው ውሳኔዎች ሁሉ ይህ ትልቁ ይመስለኛል።

በ1918 ለጦር ሠራዊት ተመልምሎ ፈረንሳይ ዘመተ። እዚያ በያዘው የጆሮ ሕመም ምክንያት የመስማት ችሎታው ተጎድቶ ተመለሰ። በ1920 ፕሮዲውሰሩ ጆሴፍ ሼንክ አርባክልን ወደ ረጃጅም ፊልሞች አዛወረውና አጫጭሮቹን ፊልሞች ለኪተን ሰጠው። ቀድሞ ቻፕሊን ይሠራበት የነበረውም ስቱዲዮ ለእሱ ሆነ።

በዚያው ዓመት የወጣው «ዋን ዊክ» ሃያ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው። አዲስ ተጋቢዎች በሳጥን ተበታትኖ የመጣ ቤት ይሰጣቸዋል፤ በሳጥኖቹ ቁጥር መሠረት መገጣጠም ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ሙሽራዋን ያጣ ሌላ ጎልማሳ በቅናት ቁጥሮቹን ይለዋውጣቸዋል። በሩ ፎቅ ላይ ይወጣል፣ ግድግዳው ይጣመማል፣ ጣራው አይገጥምም። ማዕበል ሲነሣ ቤቱ እንግዶቹን እንደያዘ መሽከርከር ይጀምራል። በመጨረሻም ቤቱን ወደ ሌላ ቦታ ሲጎትቱ ሐዲድ ላይ ይቆምባቸዋል፤ ባቡር ይመጣል። ባልና ሚስት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ባቡሩ በጎን ባለው ሐዲድ ያልፋል። እፎይ ሲሉ ከወዲያ በኩል ሌላ ባቡር መጥቶ ቤቱን ድምጥማጡን ያጠፋዋል። ኪተን «የሚሸጥ» የሚል ጽሑፍ ፍርስራሹ ላይ ያቆምና የሚስቱን እጅ ይዞ ይሄዳል። በዚህ ፊልም ውስጥ የሚመጣው ሁሉ አለ፦ ከሰው የሚበልጥ ግዑዝ ነገር፣ እጁን የማይሰጥ ትንሽ ሰው፣ ቅንጣት የማይሳሳት ስሌት።

በዚያ ስቱዲዮ የተጻፈ ስክሪፕት የሚባል ነገር አልነበረም። ጥሩ መነሻና ጥሩ መድረሻ ካገኙ መካከሉን እየሠሩ ያገኙታል። ሐሳብ ሲጠፋ ካሜራውን አቁመው ቤዝቦል ይጫወታሉ፤ በጨዋታው መካከል አንዱ «አገኘሁት!» ሲል ዱላውን ጥለው ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ቀልድ የሚያፈልቁት ክላይድ ብሩክማንና ዣን ሃቬዝ፣ ካሜራማኑ ኤልጂን ሌስሊ፣ ማንኛውንም ግዑዝ ነገር እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው ፍሬድ ጋቦሪ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ነበሩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኩባንያው «የባስተር ኪተን ፕሮዳክሽን» ይባል እንጂ ኪተን በውስጡ አንድም አክሲዮን አልነበረውም። ቻፕሊን የፊልሞቹ ባለቤት ነበር፤ ሌላው የዘመኑ ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድም እንዲሁ። ኪተን ደመወዝተኛ ነበር። ሼንክን እንደ ዘመድ ያምነው ነበር፤ በ1921 የሼንክን ሚስት እኅት ናታሊ ታልማጅን ካገባ በኋላ ደግሞ በእርግጥም ዘመዱ ሆነ።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር ገደማ የሮስኮ አርባክል ሰማይ ተደፋ። ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ በነበረ ግብዣ ላይ የነበረች ቨርጂኒያ ራፕ የምትባል ተዋናይት ከቀናት በኋላ ሞተችና እሱ ተከሰሰ። ሦስት ጊዜ ፍርድ ቤት ቆመ። በሦስተኛው፣ በሚያዝያ 1922፣ ነጻ ወጣ፤ የሸንጎው አባላት ይቅርታ እስከመጠየቅ ደርሰዋል። ግን ስሙ ጠፍቶ ነበርና የፊልም ባለሥልጣኖቹ ወዲያው ከስክሪን አገዱት። ብዙዎች ፊታቸውን ሲያዞሩበት ኪተን ወዳጁን አልካደም። የአንድ ሰው ሥራ በማግስቱ ሊወሰድ እንደሚችል በቅርብ ዐይቷል።

ከ1923 እስከ 1928 ያሉት ዓመታት ግን የኪተን የአዝመራ ወራት ናቸው። ረጃጅም ፊልሞቹ እየተከታተሉ ወጡ። በ1924ቱ «ሸርሎክ ጁኒየር» ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያጫውት ወጣት እንቅልፍ ይወስደውና በሕልሙ ወደ ስክሪኑ ይገባል። በዙሪያው ያለው ሥፍራ በድንገት ይለዋወጥበታል፦ ከአትክልት ሥፍራ ወደ ጎዳና፣ ከጎዳና ወደ ገደል አፋፍ፣ ከገደል ወደ አንበሶች መካከል። እሱ ግን ሥፍራው በተለወጠ ቁጥር እዚያው በነበረበት ቦታ ይገኛል። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን ይህን የሠሩት በመሬት ቀያሾች መሣሪያ ነው፤ ከካሜራው እስከ ኪተን ያለውን ርቀት በየቦታው እየለኩ አንዱን ቀረጻ ከሌላው አገጣጠሙት። በዚያው ፊልም ከባቡር ጣራ ላይ ሲሮጥ ከማጠራቀሚያ ጋን የወረደ ውኃ ሐዲዱ ላይ ጣለው። ራስ ምታት ይዞት ሰነበተና ሥራውን ቀጠለ። አንገቱ ተሰብሮ እንደነበር የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ራጅ ሲነሣ ነው።

«ዘ ናቪጌተር» ደግሞ በዚያው ዓመት ገንዘብ አስገኘለት። ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጥ የነበረ ትልቅ መርከብ ተከራይተው፣ በመርከቡ ላይ ብቻቸውን የቀሩ ሁለት የሀብታም ልጆች ምን እንደሚያደርጉ አሳዩ። ለመቶዎች በተሠራ ድስት አንድ እንቁላል ለመቀቀል የሚያደርጉትን ትግል ማየት እስከ ዛሬ ያስቃል።

በ1926 የተቀረጸው «ዘ ጄኔራል» የኪተን ልብ ያለበት ፊልም ነው። ታሪኩ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1862፣ በጆርጂያ ግዛት በእርግጥ የሆነ ነው። የሰሜኑ ወገን ሰላዮች የደቡቡን አንድ የባቡር ሞተር ሰርቀው ይሸሻሉ፤ የባቡሩ ሰዎች ያባርሯቸዋል። ኪተን ባቡረኛውን ጆኒ ግሬይን ሆኖ ብቻውን ሞተሩን ፍለጋ ያባርራል። የዘመኑ ዓይነት ሐዲድና ደን ኦሪገን ግዛት ኮቴጅ ግሮቭ አጠገብ ስለተገኘ ሥራው ሁሉ ወደዚያ ተጓዘ። ከኦሪገን ብሔራዊ ዘብ የመጡ ወታደሮች አንድ ጊዜ የሰሜኑን፣ አንድ ጊዜ የደቡቡን መለዮ እየለበሱ ከሁለቱም ወገን ተዋጉ። ከሞተሩ የሚወጣው ፍንጣሪ ደኑን ሲያቃጥል ኪተንና ሠራተኞቹ ልብሳቸውን እያወለቁ እሳቱን አጠፉ።

ከዚህ ፊልም አንዱን ትዕይንት በእርጋታ ማየት ይገባል። ኪተን በሚሄደው ሞተር አፍንጫ ላይ ተቀምጧል። ጠላቶቹ ከሐዲድ ሥር የሚጋደም ወፍራም እንጨት መንገዱ ላይ ጥለዋል። አንዱን ዘልሎ ወርዶ ያነሣዋል፤ ነገር ግን ሞተሩ ከኋላ ደርሶበት እንጨቱን እንደታቀፈ አፍንጫው ላይ ያስቀምጠዋል። ወዲያው ሁለተኛው እንጨት ከፊቱ ይታያል፤ አንደኛው ጫፉ ከሐዲዱ ወጣ ብሏል። ኪተን የታቀፈውን ከፍ አድርጎ በዚያ ጫፍ ላይ ይጥለዋል፤ ሁለቱም ተፈናጥረው ከመንገድ ይወጣሉ፤ ባቡሩም ያልፋል። የተደረገው በአንድ ቀረጻ፣ በእውነተኛ ባቡር፣ በእውነተኛ እንጨት ነው። ትንሽ ቢሳሳት ኖሮ ባቡሩ ከሐዲዱ ይወጣ፣ እሱም ከሥሩ ይገባ ነበር። ፊቱ ላይ ግን የሚታየው የሒሳብ ተማሪ ጥሞና ብቻ ነው።

ጁላይ 23 ቀን 1926 ባቡር በሚቃጠል ድልድይ ላይ ሲያልፍ የሚወድቅበት ትዕይንት ተቀረጸ። የአካባቢው ሰው ሥራውን ዘግቶ ለማየት በሺዎች ወጣ። እውነተኛው ሞተር እውነተኛውን ድልድይ ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ። ይህ አንድ ቀረጻ 42 ሺህ ዶላር እንደፈጀ ይነገራል፤ በድምፅ አልባው ዘመን ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የወጣበት ቀረጻ ተደርጎም ይቆጠራል። ሞተሩ በዚያው ወንዝ ውስጥ ቀረ፤ ያወጡት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ሲፈለግ ነው።

ፊልሙ በ1927 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሲታይ ሐያሲዎቹ አልወደዱትም። ረዘመ አሉ፣ አያስቅም አሉ፣ ሰው በሞተበት ጦርነት ይቀለዳል ወይ አሉ። የወጣበት ወጪ 750 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን በአገር ውስጥ ያስገባው ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ሼንክ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ በየቀረጻው ወጪ የሚቆጣጠር ሰው ኪተን ላይ ተሾመበት።

ቀጣዩ ትልቅ ሥራ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» በሳክራሜንቶ ወንዝ ዳር ተሠራ። መጀመሪያ ፍጻሜው የጎርፍ አደጋ ነበር፤ በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሕዝብ ስለጎዳ ጎርፉ ወደ አውሎ ነፋስ ተለወጠ። በአውሎ ነፋሱ መካከል ኪተን መንገድ ላይ ፈዞ ቆሟል። ከኋላው ያለው ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን የቤት ግድግዳ ሙሉውን ይወድቅበታል። የሚያድነው ክፍት መስኮቱ ነው፤ መስኮቱ በእሱ ላይ ሲያርፍ በራሱና በትከሻው ዙሪያ የቀረው ክፍተት የጥቂት ኢንች ነበር። ጫማው የሚያርፍበት ቦታ በምስማር ምልክት ተደርጎበት ነበር ይባላል። በቀረጻው ቦታ የነበሩ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። ይህን በሚሠራባቸው ቀናት ኪተን መርዶ ደርሶት ነበር፤ ሼንክ ስቱዲዮውን ሊዘጋው ነው። ያን ጊዜ በጤናው ቢሆን ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ እንደማይቆም ኪተን ራሱ ኋላ ተናግሯል። ይህም ፊልም ኪሳራ ሆነ።

አሁን ወደ ፊርማው ደረስን። ሼንክ ኪተንን ኤም ጂ ኤም ወደተባለው ትልቅ የፊልም ኩባንያ እንዲገባ መከረው፤ የዚያን ኩባንያ ባለቤት ድርጅት የሚመራው የሼንክ ወንድም ኒኮላስ ነበር። ቻፕሊን እባክህ ተው አለው፤ ሎይድም ተው አለው። ሁለቱም የሥራቸው ባለቤቶች ስለሆኑ ምን እንደሚያጣ ያውቃሉ። ኪተን ግን የሚያምነውን ሰው ሰምቶ በ1928 ፈረመ። ደመወዙ በሳምንት 3 ሺህ ዶላር፣ ለዚያ ዘመን የሚያስቀና ነው። በኋላ ግን የሕይወቴ ትልቁ ስሕተት ይለው የነበረው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያው ፊልም፣ በ«ዘ ካሜራማን»፣ ጥቂት ነጻነት ቀርቶለት ነበር። በባዶው ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ብቻውን፣ ኳስም ዱላም ሳይኖረው፣ ሙሉ የቤዝቦል ጨዋታ ይጫወታል፤ ወርዋሪም፣ መቺም፣ ሯጭም እሱ ነው። ፊልሙ ተወደደ። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ተዘጋ። ሥራው የፋብሪካ ሥራ ሆነ፤ ስክሪፕቱ በብዙ ሰው እጅ ይጻፋል፣ እያንዳንዱ ቀልድ ይጸድቃል፣ ይሰረዛል። የድሮ ባልደረቦቹ ተበተኑ። ድምፅን በተመለከተ ኪተን የፈራው ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም የ1929ኙን «ስፓይት ማሬጅ» በድምፅ ልሥራው ብሎ የተከለከለው እሱ ነው። በመድረክ ያደገ፣ ጎርናና ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። ፊልሞቹ ለሌሎች አገሮች እንደገና ሲቀረጹ የማያውቃቸውን ቋንቋዎች ቃል በቃል እያጠና በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ሳይቀር ተናግሯል።

የተለወጠው የተሰጠው ገጸ ባሕርይ ነው። የቀድሞው ኪተን ችግር ሲመጣበት ዝም ብሎ፣ አስቦ፣ ሠርቶ የሚያሸንፍ ሰው ነው። በኤም ጂ ኤም ያወጡለት ሰው ግን ቂል ነው፤ ይታለላል፣ ይወድቃል፣ ይታዘንለታል። በኋላም ከለፍላፊው ጂሚ ዱራንቲ ጋር አጣመሩት፤ ዱራንቲ ሲጮህ ኪተን ዳር ቆሞ ያያል። ልብን የሚያደማው ደግሞ እነዚህ ፊልሞች ከ«ዘ ጄኔራል» የተሻለ ገንዘብ ማስገባታቸው ነው። ለአለቆቹ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር፤ ኪተንም የሚከራከርበት አጣ።

አባቱን የበላው መጠጥ እሱንም ያዘው። ቀረጻ እየቀረ፣ ሰክሮ እየመጣ አስቸገረ። በ1932 ናታሊ ፈታችው፤ ቤቨርሊ ሂልስ ላይ የሠራው ትልቁ የጣሊያን ዓይነት ቪላ ሄደ፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹም ለእናታቸው ሆኑና የአባታቸው ስም ተነሥቶ ታልማጅ ተባሉ። በየካቲት 1933 ኤም ጂ ኤም አባረረው። በዚያው ዓመት በጁን መጨረሻ አርባክል ወደ ሥራው ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ በተኛበት ሞተ። ኪተን ያን ዓመት አብራው ከነበረችው ነርስ ጋር ተጋባ፤ ትዳሩ ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። በ1935 እንዳይንቀሳቀስ ታስሮ ሆስፒታል የገባበት ጊዜም ነበር። ያኔ አርባ ዓመቱ ነው።

ከ1934 ጀምሮ በርካሽ ዋጋ አጫጭር ፊልሞችን ሠራ፤ ፓሪስና እንግሊዝ ሄዶም ሞከረ። በ1937 ኤም ጂ ኤም መልሶ ቀጠረው፤ በሳምንት 100 ዶላር፣ ቀልድ አፍላቂ አድርጎ። ያባረሩት ሰዎች ቢሮ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጥቶት ለኮሜዲያኖቹ ለማርክስ ወንድማማቾችና በኋላም ለሬድ ስኬልተን ቀልድ አዋጣ። ስሙ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ አይወጣም። ይህን ሥራ ሰዎች ውርደት ብለው ሲጽፉ አይቻለሁ፤ እኔ ግን በጣም አከብረዋለሁ። ሰውየው እጁ የሚያውቀውን ሙያ በደመወዝ እየሠራ እናቱንና ወንድም እኅቱን ያስተዳድር ነበር።

መነሣቱ የተጀመረው በቤቱ ነው። ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ለመማር ወደ ቤቱ ትመላለስ የነበረች ኤሊነር ኖሪስ የምትባል ወጣት ዳንሰኛ ነበረች። በ1940 ተጋቡ፤ እሷ 21፣ እሱ 44 ዓመቱ ነበር። ወዳጆቻቸው የዕድሜው ልዩነት አይሆንም ብለው ነበር። ትዳሩ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ጸና። ኤሊነር በመድረክ አጋሩ፣ በኑሮው ጠባቂው ሆነች፤ በ1947 ፓሪስ በሚገኘው ሜድራኖ ሰርከስ ሲቀርብ ፈረንሳዮች የድሮውን ሰው አልረሱትም ነበር።

በሴፕቴምበር 1949 ጸሐፊው ጄምስ ኤጂ በ«ላይፍ» መጽሔት ላይ ስለ ድምፅ አልባው ኮሜዲ ረጅም ጽሑፍ አወጣ፤ ኪተንን ከቻፕሊን፣ ከሎይድና ከሃሪ ላንግደን ጋር አሰለፈው። አዲሱ ትውልድ ይህ ሰው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ቴሌቪዥንም መጣ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በሕዝብ ፊት ለኖረ ሰው ምቹ ሆነለት። በ1950 «ሳንሴት ቡሌቫርድ» ላይ ራሱን ሆኖ ካርታ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። በ1952 «ላይምላይት» ላይ ከቻፕሊን ጋር ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ በአንድ ፊልም ታየ፤ ኪተን ፒያኖው ላይ ከሚንሸራተቱ ወረቀቶች ጋር ሲታገል ሁለቱ ሽማግሌዎች የድሮውን ዘመን ለጥቂት ደቂቃ መለሱት።

ይሁን እንጂ ፊልሞቹ ራሳቸው እየጠፉ ነበር። ያን ጊዜ ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ሲቆይ ደግሞ ወደ ዱቄት የሚለወጥ ነገር ነው። ስቱዲዮዎቹም ገበያ ለሌለው ፊልም ግድ አልነበራቸውም። የኪተንን የቀድሞ ቪላ የገዛው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን በግቢው ውስጥ ተዘግቶ የነበረ ክፍል ከፍቶ የፊልሞቹን ቅጂዎች አገኘ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሬይመንድ ሮሃወር የተባለ የሲኒማ ቤት ሰው ከኪተን ጋር ተገናኝቶ፣ እየበሰበሱ የነበሩትን ቅጂዎች በማይቃጠል ፊልም ላይ ማስገልበጥ ጀመረ። ሮሃወር በመብት ጉዳይ ከብዙ ሰው ጋር የተካሰሰ፣ ወዳጁም ጠላቱም የበዛ ሰው ነው። ቢሆንም ያን ሥራ በጊዜው ባይሠራው ኖሮ ዛሬ ከምናያቸው ብዙዎቹ አይኖሩም ነበር።

በ1957 ፓራማውንት የሕይወት ታሪኩን ፊልም አደረገው። ፊልሙ ደካማ ነው፤ ከእውነቱም የራቀ ነው። የተከፈለው 50 ሺህ ዶላር ግን ዉድላንድ ሂልስ ላይ ቤት ገዛለት። ዶሮ አረባ፣ አትክልት ተከለ፣ በግቢውም የሚዞር የመጫወቻ ባቡር ዘረጋ። በ1960 የክብር ኦስካር ተሸለመ። አውሮፓ ውስጥ «ዘ ጄኔራል» እንደገና ወጥቶ ከአባቶቹ ይልቅ ልጆቹ ሳቁለት።

እስከ መጨረሻው ሠርቷል። በ1964 ክረምት፣ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ሳለ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በሳሙኤል ቤኬት የተጻፈውን «ፊልም» የተባለ አጭር ሥራ ሠራ፤ ያ ዝነኛ ፊት እስከ ፍጻሜው ድረስ ከካሜራ ይሸሻል። በ1965 ለእይታ በበቃው የካናዳ ፊልም በ«ዘ ሬልሮደር» አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር በአንዲት ትንሽ የሐዲድ መኪና ላይ ሆኖ አቋረጠ፤ አንድም ቃል አይናገርም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ረጅም ጭብጨባ አጨበጨበለት። ከአምስት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966፣ በሳንባ ካንሰር ሞተ። ሰባ ዓመቱ ነበር።

በ1989 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዘለቄታው ሊጠበቁ ይገባል ብሎ የመጀመሪያዎቹን 25 ፊልሞች ሲመርጥ፣ በ1927 ገንዘብ ያከሰረው «ዘ ጄኔራል» ከእነሱ አንዱ ሆነ። ያላያችሁት ካላችሁ «ዋን ዊክ»ን አስቀድሙ፣ ከዚያ «ሸርሎክ ጁኒየር»ን፣ ከዚያ «ዘ ጄኔራል»ን። የሚነበብ ጽሑፋቸው ጥቂት ስለሆነ ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ እዩአቸው።